ህፃኑ ፊደል ዘፈነ፤ ግን አነበበ? ስልኩን ስንሰጠው ምን እየሰጠነው ነው?

ሁላችንም ቤት ያለ ነገር ነው። እንግዳ መጣ፣ ቡና ተፈላ፣ ማሙሽ አስቸገረ፣ ስልኩ ተሰጠው፣ ቤቱ ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ ከቪዲዮው ጋር አብሮ "ሀ ሁ ሂ ሃ" እያለ ሲዘፍን ቤቱ ሁሉ ይደሰታል። "ጎበዝ! ገና አራት ዓመቱ እኮ ነው!"

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ወረቀት ላይ "ቡ" ብቻ ጻፉና "ይሄ ምንድን ነው?" በሉት። ዝም ሊላችሁ ይችላል። ወይ ደግሞ "በ ቡ ቢ" ብሎ ከመጀመሪያው ይነሳና እየዘፈነ ይደርስበታል። ዜማውን እንጂ ፊደሉን ገና አልያዘም ማለት ነው።

ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ያሳየነው ቪዲዮ ያስተማረው መዝፈን ስለሆነ ዘፈነ፣ በቃ።

ታዲያ ቴሌቪዥን (ዛሬ በአብዛኛው ዩቲዩብ ማለት ነው) ትንሽ ልጅን ማንበብ ሊያስጀምር ይችላል ወይ? አጭሩ መልሳችን፦ ይችላል። ግን ማንኛውም የልጆች ቪዲዮ ሳይሆን ለዚያ ተብሎ የተሠራና በልጆች ላይ የተፈተነ ፕሮግራም ነው። ያም ሆኖ አጠገቡ ሰው ካለ ነው በደንብ የሚሠራው።

ለምን አሁን?

ምክንያቱም እንዲህ ያለውን ፕሮግራም የሚከፍልለት ሰው እየጠፋ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር "ሬዲ ቱ ለርን" የተባለውን፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለህፃናት ትምህርታዊ ፕሮግራሞች ገንዘብ ሲሰጥ የነበረውን ድጋፍ አቋረጠ። በሐምሌ ደግሞ ኮንግረሱ ለሕዝብ ብሮድካስት የተመደበውን በጀት ሰረዘ። ዝነኛው "ሰሳሚ ስትሪት" አዳዲስ ክፍሎቹን ይዞ ኔትፍሊክስ ገባ፣ በነፃው የሕዝብ ጣቢያ መታየቱ ባይቀርም።

ይሄ የነሱ ጉዳይ ነው እንዳንል፣ በዚያው ዓመት ዩኤስኤአይዲም ተዘጋ። እኛ አገር በአፍ መፍቻ ቋንቋ ንባብ ለማስተማር የተዘጋጁ መጻሕፍትና የመምህራን ሥልጠናዎች ላይ ትልቅ ገንዘብ ያወጣ የነበረው እሱ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ቤታችን ድረስ ደርሷል፦ የኛን ልጆች ንባብ ማነው የሚያስጀምራቸው?

እውነት ይሠራል?

"ሰሳሚ ስትሪት" ለመጀመሪያ ጊዜ የተላለፈው ኅዳር 10 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. ነው። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ መዋዕለ ህፃናት የመግባት ዕድል ያላገኙ የድሃ ቤተሰብ ልጆች አንደኛ ክፍል ሲገቡ ወደ ኋላ እንዳይቀሩ። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ገለልተኛ ተቋም ልጆቹን ፈተናቸው። ብዙ ያዩት ብዙ ተምረው ተገኙ፣ በተለይ ፊደልና ቁጥር ላይ።

"ጎበዝ ልጆች ስለሆኑ ይሆናላ ብዙ ያዩት" ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሜሊሳ ኬርኒ እና ፊሊፕ ሌቪን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ይህንኑ ያጣራ ጥናት አሳተሙ። በዚያ ዘመን ፕሮግራሙ በአንዳንድ አካባቢ ጥርት ብሎ ይስባል፣ በሌላው ደግሞ ጣቢያው ደካማ ሞገድ ላይ ስለነበር አይስብም። ይሄን ልዩነት ደግሞ ወላጅ አልመረጠውም፤ ዕጣ እንደማለት ነው። ሁለቱን ሲያወዳድሩ፣ በደንብ በሚስብበት አካባቢ ያደጉ ልጆች ለዕድሜያቸው በሚገባው ክፍል የመገኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። የበለጠ የተጠቀሙት ወንዶች ልጆች፣ ጥቁር ልጆችና በድሃ አካባቢ ያደጉት ናቸው። ካደጉ በኋላ ባላቸው ሕይወት ላይ ግን ያን ያህል ግልጽ ለውጥ አልታየም። ይሄም መነገር አለበት፤ ፕሮግራሙ ጥሩ መነሻ ይሰጣል እንጂ ትምህርት ቤትን አይተካም።

ወደ አፍሪካ እንምጣ። ታንዛኒያ ውስጥ ኡቦንጎ የተባለ ድርጅት "አኪሊ ኤንድ ሚ" የሚባል ካርቱን ይሠራል። በሞሮጎሮ ከተማ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ቤቶች በተደረገና በ2018 በወጣ ጥናት፣ ካርቱኑን ለጥቂት ሳምንታት ያዩ ልጆች ሌላ ፕሮግራም ካዩት ይልቅ ቁጥር በመለየት፣ በመቁጠርና ቅርጽ በማወቅ የተሻሉ ሆኑ። ሚሊዮን ዶላሮች የሚፈስሱበት የአሜሪካ ስቱዲዮ ብቻ አይደለም ማለት ነው ይሄን የሚችለው።

ሁለት ዓይነት የዓይን ቆጣሪ

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። "ሰሳሚ ስትሪት" ሲሠራ ኤድዋርድ ፓልመር የተባለ ተመራማሪ ልጁን ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጥና ጎኑ ላይ በየጥቂት ሰከንዱ ሥዕል የሚቀያይር ሌላ መሣሪያ ያደርጋል። ከዚያ የልጁ ዓይን መቼ ከፕሮግራሙ ላይ እንደተነሳ ይመዘግባል። ልጆቹ ዓይናቸውን ያነሱበት ቦታ ይስተካከላል። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፦ ያየው ልጅ ፊደሉን አወቀው ወይ?

ዛሬ ዩቲዩብና ቲክቶክም ዓይን ይቆጥራሉ፣ ያውም ከፓልመር በጣም በተሻለ መሣሪያ። ስንት ሰከንድ አየ፣ የት ላይ ስክሮል አደረገ፣ ሁሉንም ያውቃሉ። ሁለተኛውን ፈተና ግን አይፈትኑም። ልጁ "ቡ"ን ለየ ወይስ አልለየ የሚል ቁጥር አልጎሪዝሙ ውስጥ የለም። ማሙሽ ከፊደል ቪዲዮ ተነስቶ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሰው አሻንጉሊት ሲከፍት እያየ የምናገኘው ለዚህ ነው። ማሽኑ የተሠራው ዓይኑን እንዲይዝ ነው፤ ይዞታል።

እኛስ አገር?

ባዶ እጃችንን አይደለንም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ) ለአሥርት ዓመታት በተረት ልጆችን ስክሪኑ ፊት ሰብስበዋል። ፊደል ባያስቆጥሩም ተረት ማዳመጥ፣ ቃል ማወቅ፣ "ቀጥሎ ምን ይሆናል?" ብሎ መጠበቅ የንባብ መሠረት ነው።

ከዚያ "ፕላዝማ" መጣ። ከናንተ መካከል ስንቶቻችሁ ተምራችሁበታል? በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፣ "አልገባኝም" ብትሉት አይሰማም፣ መምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። ለሁለተኛ ደረጃ የተዘጋጀ ቢሆንም ትምህርቱ ለህፃናትም ይሆናል፦ ስክሪን መምህሩን አግዶ ከቆመ ተማሪው ይጠፋል።

ሦስተኛዋ ደግሞ "ፀሐይ" ናት። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውሰር ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሠረተች። "ፀሐይ መማር ትወዳለች" የተባለው ፕሮግራማቸው ዋና ገጸ ባሕርይ ቀጭኔ ናት፤ አማርኛ ትናገራለች፣ የኛን ሰፈር ታውቃለች። ፕሮግራሙ በ2008 የጃፓን ፕራይዝን ያሸነፈ ሲሆን ብሩክታዊት በ2010 የሮሌክስ ወጣት ተሸላሚ ሆናለች። አዲስ አበባ ላይ፣ በኛ ቋንቋ፣ ዓለም ያጨበጨበለት ሥራ ተሠርቷል። ችሎታው አለ።

ለፊደል ስክሪን ይመቻል

የኛ ፊደል ከእንግሊዝኛው አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። እንግሊዝኛ ላይ የፊደሉ ስምና ድምፁ ይለያያሉ፤ "ቢ" ብለው ጠርተው "ብ" ብለው ያነባሉ። የኛ "ቤ" ግን ስሙም ድምፁም "ቤ" ነው። ልጁ "ቤ"ን እና "ት"ን ለይቶ ካወቀ "ቤት"ን አነበበ ማለት ነው። ችግሩ ብዛቱ ነው፦ 33 ሲባዛ በ7፣ 231። ዲቃሎቹን ሳንቆጥር።

ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ገበታ 231ዱንም በአንዴ ይደፋበታል። ቴሌቪዥን ግን ማንቀሳቀስ ይችላል። "በ" ጎኗ ላይ እጅ ስታወጣ ድምፁ ያኔውኑ "ቡ" ይላል። እጁ ወደ እግሯ ሲወርድ "ቢ"፣ እግሯ ላይ ቀለበት ስታጠልቅ "ቤ"። ልጁ አንዴ ምሥጢሩ ከገባው "ሙ"ን፣ "ኩ"ን፣ "ሱ"ን ራሱ ይገምታል። "ሩ" እና "ፉ" ከደንቡ ይወጣሉ፤ እነሱን ለብቻ በቀልድ ማሳየት ይቻላል። ጽሑፍ የማያሳየውን ጥብቀትም ድምፅ ያሰማል፦ "አለ" ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ቃል ነው።

ይሄን የሚሠራ ፕሮግራም ፊደሉን በተራ ሳይሆን አቀላቅሎ ይጠይቃል፣ ከጠየቀ በኋላ ዝም ብሎ ልጁን ይጠብቃል፣ ከዚያ ቃል ውስጥ ያሳየዋል። አብዛኛው የፊደል ቪዲዮ ግን ገበታውን ወስዶ ሙዚቃ ከሥር ያስገባበታል። ገበታው ያው ገበታ ነው።

ማን ያየዋል?

እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው የንባብ ምዘና 34 በመቶ የሚሆኑ የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከተሰጣቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። የ3ኛ ክፍሎቹ 20 በመቶ ናቸው። የዓለም ባንክም በአሥር ዓመታቸው አጭር ጽሑፍ አንብበው መረዳት የማይችሉ የኢትዮጵያ ልጆች 90 በመቶ ያህል እንደሆኑ ይገምታል። ይሄ የሥራ፣ የጤና፣ የምርጫ፣ የሁሉ ነገር ጉዳይ ነው። በ2ኛ ክፍል ያላነበበ ልጅ በ5ኛ ክፍል ሳይንስን ከምን ያነባል?

ግን እነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ቴሌቪዥንም ዳታም የሌለበት ቤት ነው ያሉት። በአሜሪካም በ1975 ቶማስ ኩክና ባልደረቦቹ ይሄንኑ አስጠንቅቀዋል፦ ያለው ቤተሰብ ልጅ ፕሮግራሙን ከወላጁ ጋር ካየ፣ የሌለው ደግሞ ጭራሽ ካላየ፣ ልዩነቱ ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ፕሮግራም ዩቲዩብ ላይ ጭኖ መተው አይበቃም። "ኦ ክፍል" ባለበት ትምህርት ቤት በፍላሽ መግባት አለበት፣ በሬዲዮ መሰማት አለበት፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛም መሠራት አለበት። የቁቤ ልጅ በአማርኛ ፊደል ቪዲዮ ማንበብ አይጀምርም።

ምን ይደረግ?

ጣቢያዎቻችን የውጭ ካርቱን ማስተላለፍ ርካሽ ሆኖላቸዋል፤ ይገባናል። ግን በጣም ርካሽ የሆነ ሌላ ነገርም አለ። በህንድ ብሪጅ ኮታሪ የተባሉ ምሁር የፊልም ዘፈኖች ሲተላለፉ ግጥሙ በዚያው ቋንቋ ከሥር እንዲጻፍ አደረጉ። ሰው ዘፈኑን ስለሚያውቀው ሳይታወቀው ያነባል። የአማርኛ ክሊፕ ላይ በግዕዝ ፊደል ግጥሙን መጻፍ ምን ያስወጣል? ማንበብ ለጀመረ ልጅ የየቀን ልምምድ ነው።

መንግሥት ደግሞ ለጋሽ እስኪመጣ ከሚጠብቅ፣ ቢያንስ ለአንድ የልጆች ንባብ ፕሮግራም ቋሚ በጀት ይያዝ፤ ልጆቹም ይፈተኑ። ያልተፈተነ ፕሮግራም "ጥሩ ነው" ቢባል ወሬ ነው።

የቀረው የኛ ነው። ስልኩን የምንሰጠው እኛ ታላላቆቹ ነን፤ እህት፣ ወንድም፣ አክስት፣ አጎት። ዋሽንግተን ወይ ዱባይ ሆናችሁ ልጃችሁን ፊደል የምታስቆጥሩትም ያው ናችሁ። አምስት ነገር፦

1. ቪዲዮውን እናንተ ምረጡ፤ አውርዱትና ኢንተርኔቱን አጥፉ። ዳታም ይተርፋል፣ አልጎሪዝሙም አይመርጥለትም።
2. ያንኑ ክፍል ደጋግሞ ቢያይ አትሰልቹ። ትንሽ ልጅ የሚማረው በመድገም ነው።
3. መሃል ላይ አቁሙትና ጠይቁት፦ "ይቺ ማናት?"
4. ቪዲዮው ሲያልቅ ያንኑ ፊደል ቤት ውስጥ ፈልጉ፤ የዘይት ጀሪካን ላይ፣ የሱቅ ታፔላ ላይ፣ የራሱ ስም ውስጥ።
5. በጣቱ ይጻፈው። ስክሪን ይሄን አያስተምርም።

አሥር ደቂቃ በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ማሙሽ ይዝፈን፣ ማን ከለከለው።

ዛሬ ማታ የ"ቡ"ን ፈተና ቤታችሁ ሞክሩት። ልጁ ምን አለ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ስልኩን ቶሎ ለሚሰጠው ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።