ውሻውን መግደል ወይስ ዝንቧን መከልከል?

በብራዚል አገር ውሻው በካላዛር መለከፉ በደም ምርመራ የታወቀበት ሰው ለብዙ ዘመን የነበረው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ውሻውን እንዲገደል ማስረከብ። ዛሬ ሌላ መንገድ ስለ ተከፈተ፥ ነገሩ እንዴት እንደ ተለወጠ ለወጣት አንባቢዎቻችን መግለጽ ወደድን። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።

በሽታውን ከውሻ ወደ ሰው የምታሻግረው ከቢምቢ ያነሰች፥ በምሽትና በሌሊት የምትነክስ የአሸዋ ዝንብ ናት። ፈረንሳዊው ሊቅ ሻርል ኒኮል ከባልደረባው ጋራ በ1908 ዓ.ም. በቱኒስ ተውሳኩን በውሾች አካል ውስጥ አገኘ። ብራዚልም በ1963 ዓ.ም. የተለከፉ ውሾች እንዲገደሉ በዐዋጅ ስታዝ፥ ውሻው ከጠፋ በሽታው ይጠፋል ከሚል ሐሳብ ተነሥታ ነው።

በሽታው ግን አልቆመም፤ ቀድሞ የገጠር የነበረው ወደ ታላላቅ ከተሞች ገባ። ስለ ምን? ደሙ ተወስዶ ውጤቱ እስኪመጣና ገዳዩ እስኪደርስ ብዙ ቀን ያልፋል፤ ዝንቧ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቅም። ባለቤቱም ውሻውን ይደብቃል፤ ከተገደለበትም ቡችላ ያመጣል፥ ቡችላውም በተራው ይለከፋል። ምርመራውም ቢሆን ጤነኛውን በሽተኛ፥ በሽተኛውን ጤነኛ የሚልበት ጊዜ አለ። የተገደሉትን ቈጥሮ በመዝገብ ማስፈር ቀላል ስለ ሆነ ግን ሥራው የተሠራ ይመስል ነበር።

በእስፓኝና በኢጣሊያ የከብት ሐኪሞች ልማድ ሌላ ነው። ውሻው ሲከሳ፥ በዓይኑ ዙሪያ ጠጕሩ ሲረግፍ፥ ጥፍሩ ከልክ በላይ ሲያድግ ደሙና ሽንቱ ይመረመራል፤ ኵላሊቱ ከተበላሸ ተስፋው ጥቂት ነውና። ከዚያም የአንቲሞኒ መርፌ ወይም ሚልቴፎሲን የተባለ የሚጠጣ መድኃኒት ለ28 ቀን ያህል ይሰጠዋል፤ አሎፑሪኖል የተባለውን ኪኒን ደግሞ ከ6 ወር እስከ ዓመት፥ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ይወስዳል። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ ተውሳኩ ከገላው ፈጽሞ አይወጣም፤ የዳነ የሚመስለው ውሻም በሽታውን ለዝንቧ ሊያቀብል ይችላል።

ብራዚል በ2008 ዓ.ም. ውሻን በሰው መድኃኒት ማከም የከለከለችው በዚሁ ምክንያትና ተውሳኩ መድኃኒቱን እንዳይለምደው በመስጋት ነበር። ስጋቱ ከንቱ አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. ለውሻ የተዘጋጀ ሚልቴፎሲን ፈቀደች፤ ዋጋው ግን ከድኻ አቅም በላይ ስለ ሆነ፥ የሀብታሙ ውሻ ሲታከም የድኻው ይገደላል።

እኛ ይበልጥ የምናምንበት የአንገት ማሰሪያውን ነው። ዴልታሜትሪን የተባለ የተባይ መድኃኒት የገባበት ማሰሪያ ዝንቧን ለወራት ያርቃል፥ ይገድላልም። በኢራን በ18 መንደሮች ተሞክሮ በ2002 ዓ.ም. በታተመው ጥናት፥ ውሾቹ ማሰሪያ ባደረጉባቸው መንደሮች በበሽታው የሚለከፉ ሕፃናት ቍጥር ቀነሰ። የብራዚል ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ በሽታው በበረታባቸው ከተሞች ማሰሪያውን ያድላል።

የብራዚል ሕግ ለአገራችን ይሠራል ወይ ለሚለን፥ በመተማና በሑመራ ቆላ ያለው ካላዛር ተውሳኩ ሌላ ነው፤ የሚተላለፈውም ይበልጡን ከሰው ወደ ሰው ነው። የደጋው የቍንጭር ተውሳክ እንኳ የሚያድረው በሽኮኮ እንጂ በውሻ አይደለም። በዚያ ቆላ በግራር ሥር የሚያድረው የቀን ሠራተኛ አጎበርና ፈጥኖ የሚመረምረው ሐኪም ያስፈልገዋል።