ያልተሰጠ ድጋፍ

ተቃውሞ ወደ ድንጋይ ውርወራና ወደ ቃጠሎ በዞረ ቁጥር ዳር የቆመው ሰው የሚናገራት አንድ ነገር አለች፦ «ጥያቄያችሁ ልክ ነበር፤ በዚህ አካሄዳችሁ ግን ድጋፋችንን አጣችሁ።» እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 መጀመሪያ እስራኤል ውስጥ ለቤተ እስራኤል (ለትውልደ ኢትዮጵያ አይሁዳውያን) ወጣቶች ደጋግሞ የተነገራቸው ይኸው ነው። አስተዋይ የሚባሉ ሰዎች ሳይቀሩ ይሉታል፤ ሚዛናዊም ይመስላል። እኔ ግን ሐሰት ነው እላለሁ። ሐሰቱ ሁከትን መንቀፉ አይደለም፤ ያልነበረን ድጋፍ እንደ ነበረ አድርጎ መናገሩ ነው።

የሆነው ይታወቃል። ጁን 30 ቀን፣ በሐይፋ አቅራቢያ ቂርያት ሐይም ውስጥ፣ ሥራ ላይ ያልነበረ አንድ ፖሊስ በተኮሰው ጥይት የ18 ዓመቱ ሰለሞን ተካ ሞተ። ፖሊሱ የወጣቶች ጠብ ልገላግል ገብቼ በድንጋይ ወገሩኝ፣ የተኮስኩትም ወደ መሬት ነው አለ፤ ምርመራውም ጥይቱ ነጥሮ ነው የመታው ወደሚል አመራ። በቀጣዮቹ ቀናት በየከተማው መስቀለኛ መንገዶች ተዘጉ፣ ጎማ ነደደ፣ መኪና ተቃጠለ። ቴል አቪቭ፣ አዝሪኤሊ ሕንፃዎች ሥር፣ ሕዝቡ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ ለሰዓታት ቆመ። ከ100 በላይ ፖሊሶች ቆሰሉ፤ ከ130 በላይ ሰዎች ታሰሩ። የሟች ቤተሰብ ራሱ የሐዘኑ ሰባት ቀን እስኪያልፍ ሰልፉ ጋብ ይበል ብሎ ለመነ።

መኪናው የተቃጠለበት ሰው ሰለሞንን አልገደለም። ከሥራ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው መስተዋት ሲሰበር ለሰለሞን እናት የሚደርሳት ፍትሕ የለም። ይህን ያደረገ በስሙ ይከሰስ፣ በሕግ ይቀጣ፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ከዚያ በኋላ በሚመጣው ላይ ነው። የጥቂቶች ጥፋት ከ150 ሺህ በላይ ለሆነ ማኅበረሰብ ይመዘገባል፤ የአንድ ልጅ ሞት ከዜናው ይወጣና የመንገድ መዘጋት ዜና ይሆናል። የገደለው ፖሊስ ሲያጠፋ «አንድ ግለሰብ» ነው። ድንጋይ የወረወረው ወጣት ሲያጠፋ ግን ማኅበረሰቡ ሁሉ ነው። ይህ ሚዛን ከየት መጣ?

ድጋፉ ቀድሞም አልነበረም ላልኩት ማስረጃ እንዲሆን የደም ልገሳውን ጉዳይ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1996 ማአሪቭ ጋዜጣ አንድ ምሥጢር አወጣ። ኢትዮጵያዊው ደም ሰጪ እንደ ሌላው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ይዘረጋል፤ መርፌው ይገባል፤ ከረጢቱ ይሞላል፤ ተመስግኖ ይሸኛል። ከዚያ የእሱ ደም ተለይቶ ይጣላል። ለዓመታት እንዲህ ሲደረግ ለሰጪዎቹ አንድ ቃል የነገራቸው የለም። ባለሥልጣናቱ ምክንያታችን የኤችአይቪ ስጋት ነው፣ የደበቅነውም ማኅበረሰቡን ላለማስቀየም ነው አሉ። ልጁን ለውትድርና የላከ አባት ይህን ሲሰማ ምን ሊሰማው እንደሚችል አንባቢ ይገምት። በዚያው ወር ወደ 10 ሺህ ሰው ኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጣ። ድንጋይ ተወረወረ፤ ፖሊስ በአስለቃሽ ጭስና በውኃ መለሰ። ያኔ ብቻ በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። 17 ዓመት አለፈ። በዲሴምበር 2013 የክኔሴት አባሏ ፍኒና ታማኖ ሻታ እዚያው ምክር ቤቱ ውስጥ ደም ልትሰጥ ቀረበች፤ የአገሪቱ የደም አገልግሎት ድርጅት የማጌን ዳቪድ አዶም ሠራተኞች በትውልዷ ምክንያት አይቻልም አሏት። ኋላም ቢወሰድ ይቀዘቅዛል እንጂ ለሕሙማን አይውልም ተባለች። ያለ ድንጋይ፣ ያለ ጩኸት፣ በሕግ አውጪ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንኳ ያገኘችው መልስ ይኸው ነበር።

በሰላም የተጠየቀውስ? በ2012 መጀመሪያ፣ በቂርያት መልአኪ አንዳንድ የቤት ባለቤቶች ለኢትዮጵያውያን ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው ሲሰማ፣ አንድ ተማሪ ከዚያች ከተማ ተነሥቶ እስከ ኢየሩሳሌም በእግሩ ሄደ። ያንን ጉዞ ዛሬ ስንት ሰው ያስታውሰዋል? በጃንዋሪ 2019 ፖሊስ ባት ያም ውስጥ የአእምሮ ሕመም የነበረበትን የማኅበረሰቡን ወጣት ተኩሶ ከገደለ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቴል አቪቭ ወጡ፤ አብዛኛው ሰልፍ በሰላም አለፈ። ከአምስት ወር በኋላ ሰለሞን ሞተ። በጁላይ «ድጋፋችንን አጣችሁ» ካሉት ውስጥ በጃንዋሪው ሰልፍ ላይ የነበሩት ስንቶቹ ናቸው?

አሁን ደግሞ 2015ን ተመልከቱ። በሆሎን ፖሊሶች የኢትዮጵያ ዝርያ ያለውን ወታደር፣ መለዮውን እንደለበሰ፣ ሲደበድቡት ካሜራ ቀረጸው። ሜይ 3 ቀን በራቢን አደባባይ የተደረገው ሰልፍ በግጭት ተጠናቀቀ፤ አስደንጋጭ ቦምብ፣ የፈረስ ፖሊስና የውኃ መድፍ ታየ። በማግስቱ ፕሬዚዳንት ሪቭሊን ቁስሉን አላየንም፣ በበቂ አልሰማንም ብለው አመኑ። የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ኤሚ ፓልሞር የመሩት ኮሚቴም በ2016 መድልዎ መኖሩን በጽሑፍ አረጋገጠ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ግን የፖሊስ ኮሚሽነሩ ሮኒ አልሼክ ፖሊስ የኢትዮጵያ ዝርያ ያላቸውን ይበልጥ መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ ነው አሉ። አደባባዩ እስኪታመስ ኮሚቴ የማያቋቁም፣ አደባባዩ ጸጥ ሲል ሪፖርቱን የሚያስቀምጥ መንግሥት ወጣቱን ምን እያስተማረው ነው? ሁከትን የሚጠላ ሰው መጀመሪያ መቆጣት ያለበት በዚህ ትምህርት ላይ ነው።

ሁከት እንደ ባለቤቱ እንደሚመዘንም አይተናል። በ2023 የፍርድ ቤቶችን ለውጥ የተቃወሙት ሰልፈኞች የቴል አቪቭን የአያሎን አውራ ጎዳና ደጋግመው ዘጉ፤ መኻል መንገድ ላይ እሳት አነደዱ። ፖሊስ በእነሱም ላይ ውኃ ረጭቷል፤ ነቃፊም አላጡም። የቴል አቪቩ የፖሊስ አዛዥ አሚ ኤሼድ ግን ከኃላፊነታቸው ሲነሡ፣ ከመጠን ያለፈ ኃይል ተጠቅሜ የሆስፒታሉን ድንገተኛ ክፍል በቁስለኛ መሙላት እችል ነበር፣ አላደረግሁትም ብለው በኩራት ተናገሩ፤ ብዙ ሰው አጨበጨበላቸው። መልካም አደረጉ። ለሰለሞን እኩዮች እንዲህ ያለ አዛዥ ማን መደበላቸው?

አንድ ነገር ለራሳችን ሰዎችም ልናገር። «አዋረዳችሁን፤ የተቀበለንን አገር አስቀየማችሁ» የሚሉ ሽማግሌዎችና ወላጆች አሉ። አክብሮቴ ጽኑ ነው፤ ብዙዎቹ በሱዳን መንገድ ወገኖቻቸውን ቀብረው፣ ኢየሩሳሌም ኢየሩሳሌም እያሉ የደረሱ ናቸው። ነገር ግን ልጆቻቸው እንግዶች አይደሉም። እዚያው ተወልደው ወይም አድገው፣ እዚያው ዘምተው፣ የሚጠይቁት የዜጋ መብት ነው። ቁጡውን ልጅ ከድንጋይ መመለስ የአባት ወግ ነው፤ ጥያቄውን ጭምር ማሳፈር ግን ለዚያ «ድጋፍ አጣችሁ» ለሚለው ሰው ምስክር መቆም ነው።

የሰለሞን ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ክሱ በቸልተኝነት ሞት ማድረስ ሆነ። የተቃጠሉትን መኪኖች የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው፤ ይህን ክስ የሚያውቁት ግን ጥቂት። ስለዚህ ነቃፊዎችን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሰላም የሚጠራው ቀጣይ ሰልፍ ላይ ተገኙ፤ የፓልሞር ኮሚቴ ምክሮች የት እንደ ደረሱ ተወካያችሁን ጠይቁ፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ሂደቱን እስከ መጨረሻው ተከታተሉ። ከዚያ በኋላ ድንጋይ ሲወረወር አይታችሁ ድጋፋችንን ነሣን ብትሉ፣ ቢያንስ የምትነሡት ድጋፍ ይኖራችኋል።