ሦስት ቀን በጅቡቲ

በየሻይ ክበቡና በየመኖሪያ ሠፈሩ ሲነገር የሰነበተው ወሬ እውነት ነው። የክፍላችን የሙዚቃ ባንድ ከተመሠረተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሙያዊ የሙዚቃ መቅረጫ ስቱዲዮ ሊገባ ነው። የተፈቀደልን ጊዜ ሁለት ቀን ሲሆን የሚቀረፁትም አራት ዘፈኖች ናቸው። እስከዚያ የቀረን ሃያ ቀን ያህል ነው። ከዚሁ ጋር ተያይዞ የተነሣ አንድ ጥያቄ ስላለ የዛሬውን ዓምዳችንን ለእርሱ አውለነዋል።

ጥያቄው ይህ ነው። ከባንዱ አባላት መካከል የትንፋሽ መሣሪያ የሚጫወቱት ሦስቱ፣ ማለትም ሁለቱ ሳክስፎኖችና ትራምፔቱ፣ ከቀረፃው ይቅሩ፤ የእነርሱን ድርሻ በስቱዲዮው ያለው ኪቦርድ ይሸፍነዋል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ሁለት ቀን አጭር ነው፤ ሦስት ትንፋሽ አንድ ላይ እንዲገጥም ለማድረግ ጊዜ ይፈጃል፤ የአንዱ ስህተትም የሌላውን ድካም ያበላሻል። እውነቱን ለመናገር እኛም በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሐሳቡን ከደገፉት ወገን ነበርን። አሁን ግን ሐሳባችንን ለውጠናል። ለዚህ ካበቁን ነገሮች አንዱ ከጅቡቲ ከተማ የወጣ አንድ አልበም ነው።

ጅቡቲ ለሠራዊቱ አባል አዲስ ስም አይደለችም። በወደቧ፣ በባቡር መስመሯ፣ ከዚህም በላይ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓንና የቻይና የጦር ሠፈሮች በተቀራረቡባት ጠባብ ምድሯ እናውቃታለን። ስለ ሙዚቃዋ ግን የምናውቀው ጥቂት ነው፤ ይህም የራሱ ምክንያት አለው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1977 ነፃነቷን ከተቀዳጀች በኋላ የሙዚቃው ሥራ በአብዛኛው በመንግሥትና በፓርቲ እጅ ቆየ። ለምሳሌ «4 ማርስ» የተባለው ታላቅ ባንድ ስሙን ያገኘው ገዥው ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1979 ከተመሠረተበት ቀን ነው። ዘፈኖች በብሔራዊው ሬዲዮ ጣቢያ ይቀረፃሉ፤ እዚያው ይተላለፋሉ፤ እዚያው ይቀመጣሉ። በዚህ ሁኔታ በጅቡቲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ቤተ መዛግብት ውስጥ ከ5,000 በላይ የቴፕ ጥቅልሎች ተከማቹ። ከጣቢያው ደጅ አልፎ ወደ ዓለም ገበያ የደረሰው ግን ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኦስቲናቶ ሬከርድስ የተባለ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ወደዚህ ክምችት እንዲገባ ተፈቀደለት። ድርጅቱ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2017 የቀድሞ የሶማሊያ ዘፈኖችን አሰባስቦ በማውጣት ለግራሚ ሽልማት እስከ መታጨት የደረሰ ነው። ሰዎቹ የሄዱት አሮጌ ቴፕ ፍለጋ ነበር። ነገር ግን እዚያው ግቢ ውስጥ በሕይወት ያለ፣ ደመወዝተኛ የሆነ አንድ ባንድ አገኙ። ይህ አር.ቲ.ዲ. የተባለው የጣቢያው ባንድ ነው። ሥራው በአብዛኛው የሥነ ሥርዓት ሥራ ነው፤ በብሔራዊ በዓላትና የውጭ አገር እንግዶች በሚመጡበት ጊዜ ይጫወታል። ይህን ስናነብ የራሳችንን ልጆች አስታወስን። በሰልፍ ሜዳ ላይ እንግዳ እስኪመጣ ድረስ በፀሐይ የቆመ የማርሽ ተጫዋች ሁሉ ይህን ኑሮ ያውቀዋል።

ባንዱ የመንግሥት በመሆኑ በደንብና በፈቃድ የሚተዳደር ነው። ስለሆነም ለቀረፃው የተሰጠው ጊዜ ሦስት ቀን ብቻ ነበር። ቀራጮቹ ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ ይዘው ሄደው እዚያው ተከሉ፤ በሦስት ቀንም አንድ ሙሉ አልበም ተቀረፀ። (ሥራው በጫት የታጀበ እንደነበር ራሳቸው አልደበቁም። ጫቱ በየቀኑ ከእኛው አገር የሚሄድ ቢሆንም ይህንን የዝግጅት ክፍል ለባንዳችን አንመክርም።) አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2020 «የጅቡቲ ጨፋሪ ሰይጣኖች» በሚል ርእስ ለዓለም ቀረበ።

ሦስት ቀን ለአንድ አልበም ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ የሚያውቀው የስቱዲዮን ደጅ የረገጠ ሰው ነው። ማይክሮፎን ተክሎ የድራሙን ድምፅ ብቻ ለማስተካከል ግማሽ ቀን የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ታዲያ አር.ቲ.ዲ. ጊዜ ለመቆጠብ ማንን ቀነሰ? ማንንም አልቀነሰም። አልበሙን ያዳመጠ ሰው ጆሮውን ቀድሞ የሚይዘው የሞሐመድ አብዲ ሳክስፎን ነው፤ የሚነፉት መሣሪያ ስም ቅጽል ስማቸው ሆኖ «አልቶ» ተብለው ይጠራሉ። ከሞቃዲሾ የመጡት ጊታር ተጫዋች አብዲራዛቅ ሐጂ ሱፊ የሬጌ አመታት ይዘው ገብተዋል። በእነዚህ አንጋፋዎች መካከል ገና ወጣት የሆነችው አስማ ዑመር ትዘፍናለች። አሮጌውና አዲሱ፣ ትንፋሹና አውታሩ በአንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ሦስቱ ቀን የበቃቸው ስቱዲዮ ከመምጣቱ በፊት ለዓመታት አብረው ስለተጫወቱ ይመስለናል። ይህን ዓይነት ዝግጅት ደግሞ ኪቦርድ አያበድርም።

በእኛም አገር ቢሆን ዘመናዊው ሙዚቃ በጦሩ ትንፋሽ ቆመ ማለት ማጋነን አይሆንም። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ ሲዘፍኑ ከኋላቸው የቆመው የነሐስ ረድፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ በግሉ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ የእነዚያ ዓመታት ሸክላዎች መለያ የሆነው ድምፅ ይኸው ሳክስፎንና ትራምፔት ነው። ከጊዜ በኋላ ወጪን ለመቀነስ አንድ ኪቦርድ የብዙ ሰው ሥራ እንዲሠራ መደረጉ የተለመደ ሆነ። ወጪው ቀነሰ፤ ዘፈኖቹ ግን እርስ በርሳቸው መመሳሰል ጀመሩ። በዚህ ላይ የሚከራከረን አንባቢ ካለ ዓምዱ ክፍት ነው።

ባለፈው ማክሰኞ የትልቁ ሳክስፎን ተጫዋች ባለቤት ወደ ቢሯችን መጡ። ሻምበል ባሻው በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ይወጣሉ። ወይዘሮዋን በዚህ ጋዜጣ የቤተሰብ ማዕዘን ስለ በርበሬ አዘገጃጀት በሰጡን ምክር ታውቋቸዋላችሁ። ወንበር ብናቀርብላቸውም አልተቀመጡም። «ልጆቼ፣ እኔ ሙዚቃ አላውቅም። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ እሳቸው ያንን ነገር ሲነፉ እኔ ልጆች አስተኝቻለሁ። ይቅሩ ከተባለም ይቅሩ፤ ለራሳቸው ይነገራቸው እንጂ ከሰው አፍ አይስሙት» አሉን። ምን እንደምንመልስላቸው ጠፋን። ለሻምበል ባሻው ያልነገርናቸው እኛው ነንና ጥፋቱ የማንም አይደለም።

በማግሥቱ ልምምዱ አዳራሽ ድረስ ሄደን ሁሉንም ነገርናቸው። አልተቆጡም። «ቀርፃችሁ አሰሙኝ፤ ከሰማሁት በኋላ እኔው እወስናለሁ» አሉ። በዚያው ቀን ልምምዱ በእጅ ስልክ ተቀረፀ። በሁለተኛው ዘፈን ላይ ሳክስፎኑ ዘግይቶ ይገባል፤ ድምፁም ከጊታሩ ከፍ ብሎ ይሸሻል። ሻምበል ባሻው ሁለት ጊዜ አዳመጡ፤ ምንም ሳይናገሩ ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ከመሣሪያ ግምጃ ቤቱ በስተጀርባ መቃኛውን ፊታቸው አስቀምጠው አንድ ድምፅ ብቻ ረዘም አድርገው ሲነፉ ይሰማሉ። የጎረቤት ቤተሰቦች ይቅርታ እንድታደርጉላቸው በዚሁ አጋጣሚ እንጠይቃለን።

ድምፁ የሸሸው በእርሳቸው ድክመት ብቻ አይደለም። አየሩ ሲሞቅ የትንፋሽ መሣሪያ ድምፅ ከፍ ይላል፤ የጊታርና የክራር አውታር ደግሞ በሙቀት ስለሚላላ ዝቅ ይላል። እንደ ጅቡቲ ባለ የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ የሚጫወት ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በስቱዲዮም ችግሩ አይቀርም፤ ማቀዝቀዣው ድምፅ ስላለው ቀረፃው ሲጀመር ይዘጋል፤ ክፍሉም ቀስ በቀስ ይሞቃል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዘፈን በፊት ሁሉም እንደገና ይቃኝ። ዋሽንቱ ግን ቅኝቱ ከተበሳበት ቀዳዳ የማይለወጥ በመሆኑ ሌሎቹ ወደ እርሱ ይመጣሉ እንጂ እርሱ ወደ ሌሎቹ አይሄድም። ዋሽንት ነፊያችን ያሏቸውን ዋሽንቶች ሁሉ ይዘው ይምጡ።

የጊታሩ አውታሮች የሚለወጡት በዋዜማው ሳይሆን ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ አዲስ አውታር እስኪረጋ ድረስ ቅኝት አይይዝም። ለሳክስፎኖቹ ትርፍ ሪድ፣ ለማሲንቆው ደጋን ዕጣን፣ ለድራሙ ትርፍ ዱላ ይያዝ። ጫማን በተመለከተ የወታደር ቡትስ በስቱዲዮ ወለል ላይ ስለሚጮህ ሸራ ጫማ ይደረግ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ዝምታ ነው። መድረክ ይቅር ባይ ነው፤ ጭብጨባው ብዙ ይሸፍናል። ማይክሮፎን ግን የወንበር ሲጥታና የሰው ትንፋሽ ሳይቀር ይይዛል። ዘፈኑ ሲያልቅ የመጨረሻው ድምፅ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ማንም አይናገር፤ ማንም «ጎበዝ!» አይበል። የተሳሳተም ፊቱን አያጨማድድ፤ የባንዱ መሪ እስኪያቆም ድረስ ይቀጥል። በስቱዲዮ ውስጥ «እንደገና» የማለት ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ እርሱም የባንዱ መሪ ነው፤ እኛም አይደለንም፣ ከእኛ በማዕረግ የሚበልጡትም አይደሉም። በጦር አካዳሚ ሳለን ልምምድ በግዳጁ ሰዓትና በግዳጁ ትጥቅ ይደረግ ይባል ነበር፤ ስለሆነም ከነገ ጀምሮ ልምምዱ ስቱዲዮ በምንገባበት በጠዋቱ ሰዓት፣ በዝግ በርና የጆሮ ማዳመጫ ተደርጎ ይካሄዳል።

ስለ ትንፋሾቹ ውሳኔው ገና አልተሰጠም። በመጪው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አራቱም ዘፈኖች ሁለት ሁለት ጊዜ ይቀረፃሉ፤ አንድ ጊዜ በኪቦርድ፣ አንድ ጊዜ በሦስቱ ሰዎች። ኮሚቴው ሁለቱንም አዳምጦ ይወስናል፤ ሻምበል ባሻውም ከኮሚቴው ጋር ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ወይዘሮዋ በጠየቁት መሠረት ማንም ውጤቱን በሻይ ክበብ አይሰማም። ቤተሰብ ሁሉ በአዳራሹ እንዲገኝ ተጋብዟል። ሕፃናት የያዛችሁ እናቶች በኋለኛው በር አጠገብ እንድትቀመጡ እናሳስባለን፤ ሁሉም ይቀረፃልና።