ስንዝር የሌለው ምናብ

ጥንታዊ ተረትና ተአምር ለተማሪ ድርሰት ስንቅ ይሆናል የሚለውን ሐሳብ እቀበላለሁ። የምቃወመው በየክፍሉ የሚሠራበትን መንገድ ነው። መምህሩ አንዱን ጥንታዊ ታሪክ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ጨምቆ ይተርክና «በሉ እናንተም እንደ ልባችሁ ፈጥራችሁ ጻፉ» ይላል። ተማሪውም እንደ ልቡ ይፈጥራል። ዘንዶ ይነሣል፣ ሰማይ ይሰነጠቃል፣ ጀግናው በአንድ ምት ሺህ ጠላት ይጥላል፣ መጨረሻ ላይ ከእንቅልፉ ይነቃል። ደብተሩ ታርሞ ሲመለስ «ግሩም የፈጠራ ችሎታ» የሚል ተጽፎበታል። እኔ ግን በዚያ ድርሰት ውስጥ ፈጠራ አይታየኝም። ልጁ ያነበበው መጽሐፍ ስለሌለ የጻፈው ከፊልም የቃረመውን ነው።

ክብረ ነገሥትን ራሱን ገልጠን እንይ። ቀዳማዊ ምኒልክ ታቦተ ጽዮንን ይዞ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገሎቹ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብለው ይጓዛሉ። ሰነፍ ጸሐፊ ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃው ነበር። ይህኛው ግን በከብት ጀርባ የተቀመጡትን አልረሳም፤ እነሱንም ከከብቶቻቸው ጀርባ አንድ ስንዝር ከፍ አደረጋቸው። የ13 ቀን መንገድ በአንድ ቀን አለቀ። ታሪኩን በእምነት የሚቀበልም ሆነ እንደ ሥነ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው በዚያች ስንዝር መደነቁ አይቀርም። ጉዞውን ዓይናችን ላይ የምታመጣው እሷ ናትና። መምህሩ ታሪኩን ሲያሳጥር መጀመሪያ የሚጥለው ደግሞ እሷኑ ነው።

በ2ኛው መቶ ዘመን በግሪክኛ የጻፈው የሳሞሳታው ሉቅያኖስም እንዲሁ ነው። «እውነተኛ ታሪክ» በተባለው ድርሰቱ ገና ሲጀምር የምነግራችሁ ሁሉ ውሸት ነው ይላል። እንዲህ ካለ በኋላ ማን ይጠይቀዋል? እሱ ግን ቁጥሩን አይለቅም። መርከቧን ዐውሎ ነፋስ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በአየር ላይ ይነዳታል፤ በስምንተኛው ቀን ጨረቃ ላይ ትደርሳለች። የጨረቃ ንጉሥ ጦር ሲቆጠር 80,000ው ግዙፍ ጥንብ አንሣ ጋላቢ ነው፤ 20,000ው ደግሞ በላባ ፈንታ አትክልት የለበሱ፣ ክንፋቸው የሰላጣ ቅጠል የሚመስል ወፎች ላይ ተቀምጧል። የጦርነቱ ምክንያትስ? ንጉሡ የአገሩን ድሆች ሰብስቦ ሰው በሌለበት በአጥቢያ ኮከብ ላይ ሊያሰፍር ሲል የፀሐይ ንጉሥ ቀንቶ ከለከለው። ሰማይ ላይ የሆነ ጠብ ነው፤ ነገሩ ግን ሰፈራና መሬት ነው! ይህን ምክንያት አንድ የገጠር ተማሪ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

«ከታሪኩ ምን ቁም ነገር ተማራችሁ?» የሚለው የተለመደ ጥያቄም መቅረት አለበት። ልጁ ምክር እንዲያድን እንጂ ታሪኩ እንዴት እንደተሠራ እንዲያይ አያደርገውም።

መምህራን ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቋል፣ መጽሐፉም የለም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ሙሉ መጽሐፍ ማን ጠየቀ? ከክብረ ነገሥት ያቺን የጉዞ አንቀጽ ሰሌዳ ላይ መጻፍና ስንዝሯ ለምን አስፈለገች ብሎ ክፍሉን ማወያየት ለአንድ ክፍለ ጊዜ ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ «እንደ ልባችሁ» የሚለው ትእዛዝ ይቅርና ልጆቹን የሚያስር ጥያቄ ይሰጣቸው፦ ሰፈራችሁ ዛሬ ሌሊት ከመሬት አንድ ክንድ ቢነሣ የውሃ ቧንቧው ምን ይሆናል? ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጎረቤት ጠዋት በምን ይወርዳሉ? ውጭ ያደረው ውሻስ የት ቀረ? መምህሩም ሲያርም «ግሩም» ብሎ አይለፈው። ልጁ ሳይመልስ የዘለለውን ጥያቄ በኅዳጉ ላይ ይጻፍለትና ደብተሩን መልሶ ያንኑ ድርሰት እንደገና ያጽፈው።