በሁለት አይሮፕላኖች መካከል ስላለችው አጭር ሰዓት

የገና ወራት በቀረበ ቍጥር በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ብዙ ቤተ ሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አገር ቤት ለመግባት ይሰናዳሉ። አያት የልጅ ልጆቿን ለመሳም፣ ሕፃናቱም በስም ብቻ የሚያውቁትን ደጅ ለመርገጥ፣ አባትና እናትም ከሥራ የተፈቀደላቸውን ጥቂት ቀን ሳይሸራረፍ ከዘመድ ጋር ለማሳለፍ ይመኛሉ። ለዚሁም ጉዞ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ገንዘብ ይወጣል። ይህን የሚያህል ድካምና ወጪ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ግን በረዥሙ የአየር ጉዞ ላይ ሳይሆን፣ ከአንዱ አይሮፕላን ተወርዶ ወደ ሌላው በሚገባበት በአጭሩ ሰዓት ነውና፣ በዚህ ወር ዓምዳችን ስለዚሁ ስለ መሸጋገሪያ ጊዜ ከአንባብያን ጋር ልንነጋገር ወደናል።

ነገሩ የሚወሰነው በአይሮፕላን ጣቢያ ውስጥ በሚደረግ ሩጫ ሳይሆን ቲኬቱ በሚገዛበት ቀን ነው። አንድ መንገደኛ ከአንዱ በረራ ወደ ሌላው ለመሻገር ቢያንስ ስንት ደቂቃ እንደሚያስፈልገው በየጣቢያው የተወሰነ ልክ አለ፤ አየር መንገዶችም በአንድ ቲኬት ላይ ከዚያ ልክ በታች አይሸጡም። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ከሸጡልኝማ ይበቃኛል ማለት ነው» ይላል። ነገር ግን ልኩ የሦስት ዓመት ሕፃን በመካከሉ መጸዳጃ ቤት እንደሚጠይቅ፣ ጕልበታቸውን የሚያማቸው እናትም ጥቂት ተራምደው እንደሚያርፉ አይቈጥርም።

እስቲ እናስላው። በሁለቱ በረራዎች መካከል 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ አለ እንበል። በቲኬቱ ላይ የመነሻ ሰዓት ተብሎ የተጻፈው አይሮፕላኑ ከቆመበት የሚንቀሳቀስበት ነው እንጂ በሩ የሚዘጋበት አይደለም፤ በሩ ብዙውን ጊዜ ከዚያ 15 ወይም 20 ደቂቃ አስቀድሞ ይዘጋል። በኋለኛው ወንበር የተቀመጠ ቤተ ሰብም ፊቱ ያለው ሕዝብ ሁሉ እስኪወርድ ሌላ 20 ደቂቃ ቆሞ ይጠብቃል። በአይሮፕላኑ በር ላይ የተሰጠ የሕፃን ጋሪም እዚያው በሩ ላይ የሚመለስበት ጣቢያ አለ፤ ከሻንጣ ጋር ወጥቶ የሚገኝበትም አለ። እንግዲህ ያ 1 ሰዓት ተኩል፣ አይሮፕላኑ አንዲት ደቂቃ እንኳ ሳይዘገይ፣ ወደ 50 ደቂቃ ወርዷል። በእኛ አስተያየት ልጅ ወይም ሽማግሌ ይዞ የሚጓዝ ቤተ ሰብ ከ2 ሰዓት ያነሰ መሸጋገሪያ ባይቀበል፣ በመካከሉ የድንበር ምርመራ ካለ ደግሞ ከ3 ሰዓት ባያንስ መልካም ነው። ልጆቹ ይሰለቻሉ፤ ይሰልቹ።

ከሰዓቱ ርዝመት ይልቅ የሚበልጠው ግን ጉዞው በአንድ ቲኬት መያዙ ነው። በሚኒያፖሊስ የሚኖር አንድ ቤተ ሰብን እንውሰድ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዋሽንግተን ዱለስ ጣቢያ ይበርራል፤ ከዱለስም በኢትዮጵያ አየር መንገድ ያለ ማቋረጥ 13 ሰዓት ያህል ተጕዞ አዲስ አበባ ይገባል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንደ ዩናይትድ ካሉ አየር መንገዶች ጋር በስታር አሊያንስ ማኅበር ውስጥ ስላለ፣ ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቲኬት ሊያዙ ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን ሻንጣው ሚኒያፖሊስ ላይ የአዲስ አበባ ምልክት፣ ይኸውም ኤ፣ ዲ፣ ዲ የሚሉት ሦስት የፈረንጅ ፊደላት፣ ተለጥፎበት ይሄዳል፤ የመጀመሪያው አይሮፕላን ዘግይቶ ሁለተኛው ያመለጠ እንደ ሆነም ቤተ ሰቡን በሌላ በረራ ማድረስ የሸጠው አየር መንገድ ዕዳ ይሆናል።

አንዳንዱ ግን መቶ ወይም ሁለት መቶ ዶላር ለማትረፍ ሲል የአሜሪካውን አጭር በረራ ለብቻው ይገዛል። ያን ጊዜ ሁለቱ ኩባንያዎች አንዱ ስለ ሌላው አያውቁም። በበረዶ ምክንያት፣ ወሩም የበረዶ ወር ነውና፣ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው «አልመጡም» ብሎ ስማቸውን ይሰርዛል። ከዚህም የከፋው፣ የመሄጃውን በረራ ሳይሳፈሩ መቅረት ብዙውን ጊዜ የመመለሻውንም ማሰረዙ ነው። ለአምስት ነፍስ በገና ሰሞን አዲስ ቲኬት መግዛት ምን ማለት እንደ ሆነ የቤቱን ወጪ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። በሁለት ቲኬት መሄድ ግድ ከሆነ አንድ ቀን ቀድሞ ዋሽንግተን ገብቶ ከዘመድ ቤት ማደር ይሻላል፤ በዚያ ከተማ ዘመድ ወይም ወዳጅ የሌለው የእኛ ሰውም ጥቂት ነው። ከቦሌ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ላሊበላ የሚቀጥሉም ይህንኑ ያስቡ፤ የድንበር ምርመራው አዲስ አበባ ላይ ይፈጸማል፣ የአገር ውስጥ በረራ የሚሳፈሩበትም ሕንፃ ከዓለም አቀፉ የተለየ ነው፣ በበዓል ሰሞን ደግሞ በሚቀጥለው በረራ ባዶ ወንበር ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

መመለሻው ከመሄጃው ይልቅ ይከብዳል። ወደ አሜሪካ የሚገባ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር፣ በመጀመሪያ በሚያርፍበት የአሜሪካ ጣቢያ የድንበር ምርመራውን አልፎ፣ ሻንጣውን ራሱ አንሥቶ፣ በጕምሩክ ካሳለፈ በኋላ እንደ ገና ያስረክባል። ሻንጣው እስከ ሚኒያፖሊስ ምልክት ተለጥፎበት ቢሆንም እንኳ ዱለስ ላይ ይህን ማድረግ ግዴታ ነው። ከዚያም የሰውነትና የእጅ ዕቃ ፍተሻ እንደ ገና ይመጣል። የእኛ ቤተ ሰቦች ሰዓታቸውን የሚያጡት በዚህ ነው፤ ምክንያቱም ሻንጣው የእናት ስጦታ ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ማሩ፣ ቋንጣው በየላስቲኩ ታስሮ ሞልቷል። ምግብ የያዘ ሁሉ መያዙን ለጕምሩክ ማስታወቅ አለበት፤ ሸሽጎ የተገኘ ይቀጣል። በርበሬና ሽሮ «አለኝ» ብሎ የተናገረ ሰው ተጠይቆ ወይም ታይቶለት ያልፋል። ቋንጣ ግን ይወሰዳል፤ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮችም ሥጋና የወተት ተዋጽኦ፣ የእናት ንጥር ቅቤ ጭምር፣ በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው። እናትን «ቋንጣውን ተይው» ማለት ቀላል እንዳይደለ እናውቃለን። ሆኖም እርሷ ደክማ ያዘጋጀችው በጕምሩክ ቅርጫት ውስጥ ሲጣል ከማየትና በዚያው ምክንያት በረራ ከማጣት፣ እዚያው አገር ቤት ሳሉ አብሮ መብላቱ ይሻላል። ጠበልና ማርም በእጅ ዕቃ ውስጥ እንዳይሆኑ፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በመሸጋገሪያው ፍተሻ ሊወሰድ ይችላልና፣ በደንብ ታሽገው ከሚረከበው ሻንጣ ይግቡ።

ስለ አረጋውያን እናቶችና አባቶች አንድ ነገር እንጨምር። ቋንቋውን የማያውቁ ወይም መራመድ የሚቸግራቸው ሁሉ ተሽከርካሪ ወንበርና የሚገፋ ሰው ያለ ክፍያ ማግኘት ይችላሉ፤ ይህም ከጉዞው በፊት ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድሞ ለአየር መንገዱ መነገር አለበት። ወንበሩ በምርመራው ሰልፍ ላይ ብዙ ይረዳል። ነገር ግን በወንበር የሚሄድ መንገደኛ ከአይሮፕላኑ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ሌላው ሁሉ ከወረደ በኋላ ነውና፣ «ወንበር ስላለን ፈጥነን እንሻገራለን» ብሎ አጭር ሰዓት የመረጠ ሰው ስሌቱን ገልብጦታል።

ሌላው ወጥመድ የሰዓትና የቀን አቈጣጠራችን ነው። ቲኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ስለ ሆነ፣ የአገር ውስጡን ቲኬት አዲስ አበባ ላይ የገዙ አክስት በስልክ «በ4 ሰዓት ነው» ሲሉ፣ ውጭ ያደገው ልጅ የሚሰማው ከቀትር በኋላ 4 ሰዓት ነው፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ግን 10 ሰዓት ነው። የቀኑም ነገር እንዲሁ ነው። ከዱለስ የተነሣ አይሮፕላን አዲስ አበባ የሚደርሰው በማግሥቱ ስለ ሆነ፣ የገናን ዋዜማ ከቤተ ሰቡ ጋር ሊያሳልፍ የሚሻ ሰው ቢዘገይ በጃንዋሪ 5 መነሣት አለበት፤ አንድ መሸጋገሪያ ቢያመልጠው እንኳ እንዳይቀርበት ከዚያም ቢቀድም ይሻላል። ለጥምቀት የሚሄዱ ደግሞ ዘመነ ዮሐንስን ያስታውሱ። ገና በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር ከጃንዋሪ 7 አይነቃነቅም፤ ጥር 11 ግን በጃንዋሪ 19 መሆኑ ቀርቶ በ20 ይውላል። በ2024 (እ.ኤ.አ.) እንዲህ ሆኗል፤ በ2028ም ይሆናል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በረራው ቢያመልጥስ? ከአንደኛው ጫፍ እስከ ሌላው ሕፃን አንጠልጥሎ መሮጡ ይቅር። አይሮፕላኑ መዘግየቱ እንደ ታወቀ፣ አሁን በብዙ አይሮፕላን ላይ ኢንተርኔት ስላለ፣ አንደኛው ወላጅ በእጅ ስልኩ ምን ሌላ በረራ እንዳለ ይመልከት፤ ከተወረደም በኋላ አንዱ በሰልፉ ሲቆም ሌላው ለአየር መንገዱ ስልክ ይደውል። «ሁላችንም በአንድ በረራ እንሂድ» ማለት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አምስት ወንበር ከጠፋ፣ እናትን ብቻቸውን ሳይተዉ፣ ለሁለት ተከፍሎ መሄድን መቀበል ሁለት ሌሊት ያተርፋል። ከአውሮፓ ኅብረት ጣቢያ የተነሡ ደግሞ ኅብረቱ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን 261ኛውን ሕግ ይወቁ። በእርሱ መሠረት በአንድ ቲኬት የተያዘ ጉዞ በአየር መንገዱ ጥፋት ተሰናክሎ መጨረሻው ላይ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ የዘገየ መንገደኛ፣ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነ መንገድ እስከ 600 ዩሮ ካሣ ይጠይቃል። ምግብና ማደሪያ ግን መዘግየቱ በአየር ጠባይ ቢሆንም አይከለከልም። በአሜሪካ እንዲህ ያለ የካሣ ሕግ የለም፤ እዚያ የሚጠየቀው የአየር መንገዱን የራሱን ደንብ ነው።

ሻንጣ ከባለቤቱ ጋር ላያድር ስለሚችል የእናት መድኃኒት፣ ለሕፃን ሁለት ቅያሬ ልብስ፣ የስልክ መሙያና የሁሉም ፓስፖርት በእጅ ዕቃ ውስጥ ይያዝ። ቦሌ ላይ አበባ ይዞ ሊቀበል የሚመጣው ዘመድ ከሌሊት ጀምሮ በብርድ ቆሞ እንዳይውል፣ አዲሱ የመድረሻ ቀንና ሰዓት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ተለውጦ ወዲያው ይላክለት።