የደቅ ደሴት ወደብ ለጭነትና ለጎብኝ

ወደብ ሲነሳ የብዙዎች ሐሳብ ወደ ጅቡቲ ማቅናቱ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በአገር ውስጥም ሰውና ሸቀጥ በውኃ ላይ የሚጓጓዝባቸው ወደቦች መኖራቸው አይዘነጋም። ከእነዚህም አንዱ በጣና ሐይቅ ከሚገኙት ደሴቶች በስፋቱ ቀዳሚ የሆነው የደቅ ደሴት ወደብ ነው። ይህ ወደብ ሲለማ የጎብኝ መቀበያ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ የነዋሪው ጭነትና መደበኛ ጉዞ የእቅዱ መነሻ ሊሆኑ ይገባል።

በጣና ላይ የሚጓዙት የሕዝብ ጀልባዎች ለረጅም ዓመታት ከባሕር ዳር ተነስተው ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነኩ በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ጎርጎራ ሲመላለሱ ቆይተዋል። ለደሴቱ ነዋሪ ይህ ጉዞ ምርቱን ለገበያ የሚያቀርብበት፣ ማዳበሪያና የፍጆታ ዕቃ የሚያስገባበት፣ ሕመምተኛውንም ወደ ሆስፒታል የሚያደርስበት መንገድ ነው።

በሌላ በኩል ደቅ ከፍተኛ የቱሪዝም ሀብት አለው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ የተሠራችው ናርጋ ሥላሴ በዚሁ ደሴት ትገኛለች። በአቅራቢያው ያለው የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የነገሥታት አፅም ያረፈበት ሲሆን፣ ሴቶች ወደዚያ አይገቡም። በመሆኑም የጉዞ መርሐ ግብሩ የገዳማቱን ሥርዓት ያከበረ፣ ሴት ጎብኝዎችንም ናርጋ ሥላሴን እንዲያዩ የሚያስችል መሆን ይኖርበታል።

ጭነትና ጎብኝ ተጋጋዥ እንጂ ተፎካካሪ አለመሆናቸውን ለመረዳት ከሐይቁ ርቆ ያለውን የባቲ ገበያ መመልከት ይበቃል። መቀመጫው ከሚሴ በሆነው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሚገኘው የባቲ የሰኞ ገበያ ለጎብኝ ተብሎ የተቋቋመ አይደለም። ደገኛውና የአፋር አርብቶ አደሩ እህልና ከብት የሚለዋወጡበት በመሆኑ ደምቋል፤ ጎብኝውም ይህንኑ ሊያይ ይመጣል። የደቅ ወደብም በቅድሚያ የነዋሪው ሲሆን ጎብኝን የሚያስተናግድ አቅም ያገኛል።

ለዚህ ግን ሦስት ጉዳዮች ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው የሐይቁ የውኃ መጠን ነው። በ1988 ዓ.ም. ከተሠራው የጨራጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ ከኃይል ማመንጫ ፍላጎት ጋር ተቆራኝቷል። በ1995 ዓ.ም. ውኃው ለጀልባ ጉዞ ከሚያስፈልገው 1,785 ሜትር ከፍታ በታች በመውረዱ አገልግሎቱ ለወራት ተቋርጦ ነበር። 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ከሐይቁ ውኃ የሚወስደው አካል ጨምሯል። ስለሆነም የወደቡ መድረክ ውኃው ሲወርድም የሚያገለግል ሆኖ መነደፍ፣ የውኃ አለቃቀቁም የትራንስፖርቱን ፍላጎት ያገናዘበ መሆን አለበት።

ሁለተኛው የሐይቁ ጤንነት ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት ቢመዘገብም፣ እምቦጭ አረም በተለይ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻዎቹ ዓሣ አስጋሪውንና ጀልባውን ሲፈታተን ቆይቷል። አረሙ በጀልባ አካል ተጣብቆ ወደ ሌላ ዳርቻ ሊዛመት ስለሚችል፣ በየወደቡ ፍተሻና ጽዳት ሊኖር ይገባል።

ሦስተኛው የገቢው ድርሻ ነው። ጎብኝው ከባሕር ዳር በኮንትራት ጀልባ መጥቶ ገዳም አይቶ በዚያው ቀን የሚመለስ ከሆነ፣ አብዛኛው ወጪ በከተማው ይቀራል። የማረፊያ ክፍያው ለወደቡ ጥገና ቢውል፣ የማስጎብኘትና የምግብ አቅርቦቱም ለደሴቱ ወጣቶችና ሴቶች ማኅበራት ቢሰጥ ጥቅሙ ወደ ነዋሪው ይደርሳል።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተከሰተው የጸጥታ ችግር የጎብኝዎችን ፍሰት እንደጎዳው ይታወቃል። በጎብኝ ገቢ ላይ ብቻ የተመሠረተ ወደብ በእንዲህ ያለው ጊዜ ሥራ ይፈታል፤ እህልና ማዳበሪያ የሚያመላልስ ወደብ ግን ይቀጥላል። በገበታ ለሀገር መርሐ ግብር በጎርጎራ የተከናወነው ልማትም ሆነ በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በየብስ የተጓጓዘችው ጣናነሽ ፪ ጀልባ ለሐይቁ ጉዞ አዲስ ዕድል የሚፈጥሩ ናቸው። የትራንስፖርት፣ የቱሪዝም፣ የውኃና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች ከገዳማቱና ከነዋሪው ጋር በአንድ እቅድ ከተመሩ፣ ዕድሉ ለደቅም ይተርፋል።