ብርሃንን የሚያዩ ቅንጣቶችና የደብረ ብርሃን ወጣቶች

ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ከብርሃን ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ላይ ብርሃን ስለ ታየ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ሥፍራ ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩ ይተረካል። ያ ብርሃን በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉም የታሪክ ሊቃውንት አሉ። በዚያ ዘመን ብርሃንን የሚመረምር መሣሪያ የሰው ዓይን ብቻ ነበረ። ዛሬ ግን ብርሃንን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሰው ሠራሽ ዓይን በእጅ ስልካችን ውስጥ ገብቷል፤ በሐኪም ቤት ጣት ላይ ተሰክቶ የደምን ኦክሲጅን የሚለካውም መሣሪያ የሚሠራው በዚሁ ነው። እንግዲህ ይህን ዓይን ዘወትር ከውጭ እየገዛን እንኖራለን ወይስ አሠራሩን እንማራለን?

የዚህ ዓይን ብሌን ሴሚኮንዳክተር የሚባለው ነገር ነው። ይኸውም ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ በሙሉ የማያሳልፍ፣ እንደ መስተዋትም ጨርሶ የማይከለክል ነው። ብርሃን ሲያርፍበት በውስጡ የታሰሩት ኤሌክትሮኖች ይፈቱና ኤሌክትሪክ ያልፍበታል። ሊቃውንት ይህን ነገር የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ በሆነው በናኖሜትር እስኪለካ ድረስ ሲያሳንሱት፣ የቅንጣቱ መጠን ብቻ በመለወጡ የሚያየው የብርሃን ዓይነት እንደሚለወጥ ተረዱ። ባዌንዲ፣ ብሩስና ኤኪሞቭ በ2016 ዓ.ም. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ስለዚህ ሥራ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ብዙ ቢሊዮን ብር የሚፈጅ ፋብሪካ ይታየዋል። የስልክና የኮምፒዩተር ቺፕ ለመሥራት በእርግጥ እንዲህ ያለ ፋብሪካ ያስፈልጋል። ነገር ግን የዚንክ ኦክሳይድን ቅንጣት ለማግኘት የዚንክ ጨው በውኃ ይሟሟል፤ አልካሊ ይጨመርበታል፤ በልክ ይሞቃል፤ ይታጠባል፤ ይደርቃል። ሙቀቱና ጊዜው የቅንጣቱን መጠን ይወስናሉ። ስለዚህ ጥበቡ ከገንዘብ ይልቅ ጥንቃቄን፣ በየቀኑም ትክክለኛ መዝገብ መያዝን ይጠይቃል። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን ሊሞክሩት የሚችሉት ሥራ ነው።

ዚንክ ኦክሳይድ የሚያየው ለዓይናችን የማይታየውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ይህ ጨረር ከባሕር ጠለል በላይ በየ1000 ሜትሩ 10 ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ጨረሩ የዓይን ሞራን ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ ሲሆን፣ በ1998 ዓ.ም. ግድም በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውሮቻችን የግማሽ ያህሉ ምክንያት የዓይን ሞራ ሆኖ ተገኝቷል። ከአንኮበር ተራራ ወደ አዋሽ ቆላ የሚወርደውም ቁልቁለት የጨረሩን ብርታት በየከፍታው ለመለካት የተመቸ ነው። ቀን ሙሉ በፀሐይ የሚውለውን እረኛና ገበሬ ዓይን ለመጠበቅ የሚረዳ መለኪያ በአገር ልጅ እጅ ቢሠራ ጥቅሙ ለመላው ደጋ ነው።

ይሁን እንጂ ችግሩን መደበቅ አይገባም። ቅንጣቱ በእርግጥ በተፈለገው መጠን መሠራቱን የሚያሳዩት የኤክስሬይና የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መሣሪያዎች ውድ ናቸው። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለየራሱ ከሚገዛ ይልቅ አንዱን ጠግኖና ጠብቆ በጋራ መጠቀም ይሻላል። ደግሞም ከሌሎቹ የብርሃን ማያ ቅንጣቶች እርሳስና ካድሚየም ያለባቸው መርዝ ናቸውና እጣቢያቸው ወደ በሬሳ ወንዝ እንዳይፈስ ከመጀመሪያው ሥርዓት ሊበጅለት ይገባል።

በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ በመጣ ጊዜ ጠመንጃና መድፍ በገጸ በረከትነት አቅርቧል። የመጣው ግን ዕቃው እንጂ ዕቃውን የሚሠራው ጥበብ አልነበረም። ዛሬ መጻሕፍቱ ተከፍተዋል፤ አሠራሩም የታወቀ ነው። የቀረው የተማሪው ትጋትና የወጣቱ ሹም ቅንነት ነው። ጥቂት ግራም ኬሚካል ለመግዛት የቀረበ ማመልከቻ በጠረጴዛ ላይ ወራት ከከረመ፣ የተማሪው የምረቃ ዓመት ያልፋል፤ ሙከራውም በወረቀት ላይ ይቀራል። ያን ማመልከቻ በጊዜው ፈርሞ የሚያሳልፍ ጸሐፊ ከሥራው ተካፋይ መሆኑን ይወቅ።